ስልኩ ቀይ አያይም

ዛሬም ስልኬ በዚያ ደረቅ ድምፁ «ስም የሌለው ቁልፍ» ብሎ ባነበበልኝ ቁጥር፣ ላሊበላ ስምንተኛ ክፍል የነበርኩበት ዓመት ከነንዴቱ ይመለስብኛል። ዓይኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አያይም፤ ትምህርት ቤታችን የብሬል መጽሐፍ ስላልነበረው የማጠናው ስልኬ የሚያነብልኝን እየሰማሁ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን፣ ድረ ገጽ መሥራት መማር ጀምሮ ስለነበር፣ የክፍሌን ማስታወሻ በሙሉ ተይቦ በአንድ ገጽ ደርድሮ ጫነልኝ። ለእኔ ብሎ ነው የጀመረው፤ ይህን አልክድም። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ሙሉቀንም እንደ ብራና መጻሕፍታቸው ርዕሱን ሁሉ በቀይ፣ ሐተታውን በጥቁር እያደረገ አሳመረው፣ የመጣ የሄደው ሁሉ ያደንቅለት ነበር። ስልኬ ግን ቀዩንም ጥቁሩንም በአንድ ትንፋሽ ነበር የሚያነበው። ርዕስ መሆኑን የሚነግረው ምልክት ገጹ በተጻፈበት ኮድ ውስጥ ስላልነበረ፣ ስለ ደም ዝውውር ለመስማት ከአፈር ዓይነቶች ጀምሬ ሁሉንም ማዳመጥ ነበረብኝ፤ ጣቴ ከተንሸራተተ ደግሞ እንደገና ከአፈር።

ለገና እንግዳው ከየአገሩ ጎርፎ ቤታችን ሲሞላ፣ ሙሉቀን ገጹን ለዘመድ ሲያሳይ መታገሥ አቃተኝ።

«ርዕሱን ርዕስ ብለህ በኮዱ ጻፈው። ቀለሙን አጥፋ አላልኩህም» አልኩት።

«ለአንድ ሰው ብዬ ሁሉንም ላፍርሰው?» አለ፤ ዘመዱ ሳቀ።

አባባም «ርዕስ ከጥንትም በቀይ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ቀዩ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ድምፅዎን ያነሳሉ። ስልኩ ቀይ አያይም።»

 እናቴ ወንድምሽን በእንግዳ ፊት አዋረድሽው ብላ ተቆጥታ ወደ ጓዳ ሰደደችኝ፤ እዚያ ተቀምጬ ሳቃቸውን እየሰማሁ ሁሉንም ጠላኋቸው።

ሁዳዴ ሲገባ ሙሉቀን ጭራሽ ባሰበት፤ ሥዕል ብቻ ያለባቸው፣ ስም ያልሰጣቸው ቁልፎች ጨመረ፣ እኔም ስዳስስ የምሰማው ያንኑ «ስም የሌለው ቁልፍ» ነበር። ትምህርት ቤቱ ለሥራው አጨበጨበለት። ሰኔ ላይ ለሚኒስትሪ ፈተና ስቀመጥ ግን የገጹን መጨረሻ አንድም ቀን ደርሼበት አላውቅም ነበር፤ ለፈተናው የተመደበችልኝ አንባቢ ጥያቄውን ባነበበችልኝ ቁጥር ሰምቼው የማላውቀው ነገር ይመጣል። ወደቅሁ። ጓደኞቼ ዘጠነኛ ሲገቡ እኔ ስምንተኛን ደገምኩ።

ዛሬ ሙሉቀን እዚያው ከተማ ለጀማሪዎች ድረ ገጽ ያስተምራል፣ የተማሪዎቹንም ሥራ እንድፈትሽለት ይልክልኛል። ያን ጊዜ ከዳር እስከ ዳር እየሰማሁ የምጠብቀውን፣ አሁን በጣቴ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለልኩ ወዲያው አገኘዋለሁ። አልተቀየምኩም ብል ግን ውሸት ነው። ባለፈው ደውሎ «አሁንማ መጀመሪያ የማስተምራቸው ርዕስን በኮድ መጻፍ ነው፤ ደቂቃ አይፈጅም» አለኝ።

«ከእኔ ግን ዓመት ወስዷል» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ።