ሳይግል የተመታ ብረት

አባቴ ጎንደር ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በሠሩት ማረሻ ሁሉ ጀርባ ላይ ሦስት ጭረት ያኖሩ ነበር፤ ፊርማቸው እሷ ናት። እኔ ደግሞ እስራኤል አገር አሽዶድ፣ በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ሚፍዓል በምንላት አንዲት ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ የሌዘር ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ማሽኑ የብረቱን ገጽ በብርሃን እየመታ ከፀጉር መቶ እጥፍ የቀጠነ ትልም ያወጣበታል። ቀለም የሚባል ሳይነካው ብረቱ እንደ ርግብ አንገት አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ ወርቃማ ይሆናል።

ችግሩ እኔ ነኝ። ወደዚህ ስንመጣ የአውሮፕላኑን ክንፍ ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ የሰፈራችንን የሮቫ ጊሜልን ግማሽ ሰው ያሳመንኩ ሰው ነኝ። አባቴ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ቃል ሳልጨምር ነገርኳቸው።

«መዶሻው ብርሃን ነው፣ አባባ። በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ ይመታል።»

«በስንት ወናፍ?»

«ወናፍ የለውም። ምቱ ከመፍጠኑ የተነሳ ብረቱ ለመጋል እንኳ ጊዜ አያገኝም።»

«ሳይግል የተመታ ብረት» አሉና ወደ እናቴ ዞሩ። «ልጅሽ ዛሬም አልተሻለውም።»

የዓይናቸው ነገር ባይኖር ስቄ በተውኩት። የኩፓት ሆሊሟ፣ የጤና መድን ክሊኒካችን ሐኪም ግን የዓይናቸው ነርቭ እየሞተ እንደሆነ፣ የጠፋውም እንደማይመለስ ነግራን ነበር። የቀረቻቸው ብርሃን ሳታልቅ ሥራዬን እንዲያዩልኝ ፈለግሁ። ከሩሲያ የመጣችውን መሐንዲሳችንን አስፈቅጄ በአንድ ትርፍ ቁራጭ ብረት ላይ የአባቴን ሦስት ጭረት በሌዘሩ ጻፍኩ። ዓርብ ከሰዓት እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ይዤው መጣሁ።

መስኮቱ ዘንድ አስቀመጥኳቸው። «ይዩት፣ የእርስዎ ምልክት ነው።»

ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ አዘነበሉት። በእኔ በኩል ቀለሙ ይንቀለቀላል። እሳቸው ዓይናቸውን ትተው በአውራ ጣታቸው ፈለጉት። ያ ጣት በጨለማ ውስጥ የማረሻ ስንጥቅ የሚያገኝ ጣት ነው። ደጋግመው አሹት። የጣታቸው ወዝ ትልሙን ሞላውና ቀለሙ ለእኔም ደበዘዘብኝ። በጥፍራቸው ቆረቆሩት፤ ጆሯቸውን ደገኑ።

«ምንም የለበትም» አሉ። መልሰው አሹትና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አለበት እንዴ?»

አባቴ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። ብረቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ።

«የለበትም፣ አባባ። ላሞኝዎት ብዬ ነው።»

ትከሻቸው ወረደ። «አንተ ቀጣፊ» አሉኝ፤ «እኔ እኮ ዓይኔ ጨርሶ የጠፋ መስሎኝ!» እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

በማግስቱ ከጸሎት ቤት ስንወጣ ሽማግሌዎቹን አስቁመው፣ ልጃቸው ባዶ ብረት ይዞ ሊያሞኛቸው እንደመጣ፣ እሳቸውም ቅጥፈቱን በአንድ ጣት እንደያዙበት አወሩ። ብረቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ በየመሃሉ፣ «እውነታቸውን ነው» እላለሁ።