ያልደረቀው የአቶ ኤርሱሞ ፊት

ባለፈው ሳምንት ከሆሳዕና ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ትሑት ወጣት ናት። እሷና ጓደኞቿ የከተማዋን የጥበብ ሰዎች የሚያስታውስ መጽሔት እያዘጋጁ ነው። «ስለ መጀመሪያ መምህርዎ፣ ስለ ጋሽ ተፈራ አንድ ገጽ ይጻፉልን፤ ለዘይት ቀለም ያበቁዎት እሳቸው መሆናቸውን ቤተሰቦቻቸው ነግረውናል» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሷ «እሳቸው» ትላለች፤ እኔ «እሱ» እላለሁ። አንድ ገጽም አይበቃኝም።

ከጋሽ ተፈራ በፊትም እሥል ነበር። አባቴ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ በአንድ የካቶሊክ ክሊኒክ ድሬሰር ስለነበር የመድኃኒት ካርቶን አጥቼ አላውቅም። ካርቶኑን ገልብጬ በከሰል እሥልበታለሁ፤ አዲስ ከተቆረጠ መንገድ ዳር ቀይ አፈር አምጥቼ በውሃ በጥብጬ እቀባዋለሁ። ሲደርቅ አቧራ ሆኖ ይረግፋል። የዘይት ቀለምን ያስመኘኝ በቤተ ክርስቲያናችን ከመንበሩ በላይ የተሰቀለው የማርያም ሥዕል ነው። ጥላው ጥቁር ብቻ አልነበረም፤ ውስጡ ቡናማ፣ ከዚያም ውስጥ ቀይ ነበረበት። ዝናብ ባጠቆረው እሁድ ሁሉ ነገር ሲደበዝዝ እሱ ግን ከውስጡ የሚበራ ይመስለኝ ነበር። ቅዳሴውን ትቼ ያን ጥላ ሳይ አድጌያለሁ።

የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበረች። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደነበረ ለማያውቅ ልንገር፦ ከሸክላ ሠሪ ቤት ሰው አይጋባም፣ አብሮ አይበላም፣ ዓይናቸውም ይፈራል። አባቴ እናቴን ሲያገባ ከወንድሞቹ ጋር ተቆራርጧል። ከተማ ውስጥ ይህንን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም። ለጋሽ ተፈራ የነገርኩት እኔው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤተሰቤ ለማንም ብዙ አላወራም።

ጋሽ ተፈራ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ልጅ ነው። ገበያው አጠገብ የማስታወቂያ መጻፊያ ቤት ነበረው። በቆርቆሮ ላይ የወፍጮ ቤትና የፀጉር ቤት ስም ይጽፋል። ከጠረጴዛው ሥር ግን አንድ የውጭ አገር ቄስ ትተውለት የሄዱት የዘይት ቀለም ሣጥን ነበር። ሣጥኑን አይቼ ነው ልቅጠር ያልኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። «ጎበዝ ከሆንሽ አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ለማውቀው ሰው ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ» አለኝ። በዚያ ደብዳቤ ተስፋ ሁለት ዓመት ቤቱን ጠረግኩ፣ ብሩሹን አጠብኩ፣ በኋላም ሥራውን ሠራሁለት።

አቶ ኤርሱሞ የመጡት በነሐሴ ነው። ሌሞ ውስጥ ስንዴ ነጋዴና የወፍጮ ባለቤት ነበሩ። ከጋሪ ወርደው ጫማቸውን ደጃፉ ላይ ሲጠርጉ ልጃቸው አልማዝ ከኋላቸው ቆማ ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ከፍ ተደርጎ ይያዛል፤ ፈረሰኞች እየዞሩ ያለቅሱበታል። የአቶ ኤርሱሞ ወንድም ግን ፎቶ ሳይኖረው ነው የሞተው።

«ወንድሜን በኮቱ አለቀስነው» አሉ። «ኮቱን እንጨት ላይ ሰቅለው ሲያዞሩት አየሁ። እኔ በኮት አልለቀስም። ከሩቅ የሚታይ፣ በር የሚያክል ሥራልኝ። ለመስቀል ይድረስ፤ ዘመድ ሁሉ ይመጣል።»

«አባባ፣ በቁምህ ለቅሶህን ልትጠራ ነው?» አለች አልማዝ።

«ዝም በይ አንቺ። የሚይዙትን ልየው እንጂ። አፍንጫዬን አጣመው ቢሥሉኝ ያኔ ተነሥቼ አልከራከር!»

ሳቅን። አልማዝ አልሳቀችም።

የሰው ፊት አመሳስዬ የማወጣው እኔ ስለነበርኩ ፊቱ ለእኔ ተሰጠኝ። ሳልጨርስ ግን ቀለሙን የምንበጠብጥበት የተልባ ዘይት አለቀ። ዝናቡ አላባራ ብሎ የአዲስ አበባው መንገድ ጭቃ ሆኗል። አንድ ጠዋት ጋሽ ተፈራ አፉ በጨርቅ የተወተፈ ጠርሙስ ይዞ ከገበያ ገባ። ከፍቼ አሸተትኩት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኑግ ነው።»

«ዘይት ዘይት ነው።»

«የሚደርቀው ተልባ ነው ብለውኝ ነበር።»

«መስቀል ቆሞ ይጠብቀናል? አንቺ ሥዪ፣ ኬሚስትሪውን ለእኔ ተዪው።»

ሣልኩ። ኑጉ ቀለሙን ስላለሰለሰልኝ ደስ ብሎኝ፣ ጉንጩንና ከዓይን በታች ያለውን አወፍሬ ቀባሁት። በሦስተኛው ቀን በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ማር ይለጥፋል። በአሥረኛውም ይለጥፋል። ጋሽ ተፈራ ጥጉ ላይ የራሱን ስም ጻፈና በጋሪ አስጫነው።

በመስቀል ዋዜማ ቤታቸው ተጠራን። በቅቤና በአይብ የተሠራው አተካና በትልልቅ ገበቴ ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሥዕሉ ምድጃው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር። አቶ ኤርሱሞ ከሥዕላቸው ጎን ቆመው «የቱ ነው የሚያምረው?» እያሉ እንግዳውን ያስቁ ነበር። «እጅህ ይባረክ» ሲሉት ጋሽ ተፈራ አንገቱን ደፋ አድርጎ ተቀበለ። አንዲት አሮጊት ብቻ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ስባ ለእኔ ጀርባዋን ሰጥታ በላች። እኔ እሳቱን እያየሁ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አልማዝ ሱቁ ድረስ መጣች። «የሥዕሉ ግራ ዓይን ወርዷል» አለች። «አፉም እየተጣመመ ነው። ዝንብ ተጣብቆበታል፣ ጥላሸት ለብሷል። አባቴ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ምን አድርጋችሁበት ነው?»

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ልብሱንና ወንበሩን ነው የሠራሁት። ፊቱ የእሷ እጅ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእናቷን ወገን ታውቂያለሽ?» ብሎ ነገራት።

አልማዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ እንደዚያች እርምጃ የከበደኝ የለም።

ስትሄድ «ለምን እንዲህ አደረጉኝ?» አልኩት።

«ደብዳቤሽን ትፈልጊያለሽ አይደል? ታገሺ። ይረሱታል።»

ታገሥኩ። ሦስት ሳምንት። በዚያ ጊዜ የእናቴ ጣራ ላይ ድንጋይ ተወረወረ፤ ጎረቤት እሳት መዋዋስ ተወ፤ እኔ በማልፍበት መንገድ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍኑ ጀመር። አቶ ኤርሱሞ እህል መቅመስ ትተው ተኙ ተባለ። «ፊቴ ቀድሞኝ ሄዷል» ይላሉ አሉ። አንድ ቃል ብናገር ይነሣሉ። ያን ቃል ከተናገርኩ ደግሞ ደብዳቤ የለም። እየጠረግኩ፣ ብሩሽ እያጠብኩ ዋልኩ።

በመጨረሻ ሽማግሌ መጥራታቸውን ሰማሁ። በነጋታው በእግሬ ወደ ሌሞ ወጣሁ። ዝናቡ ቆሞ ገብሱ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር፤ በጋሪ የሚያልፉኝ ሰዎች ፊታቸውን ያዞራሉ። ግቢው ስገባ ማንም አልከለከለኝም፤ ፈርተውኝ መሰለኝ። አቶ ኤርሱሞ ግድግዳ ተደግፈው ተኝተዋል፤ ጉንጫቸው ሟሙቷል። ሥዕሉም ፊት ለፊታቸው ተሰቅሏል።

ሰላምታ እንኳ አልሰጠሁም። ጣቴን በሥዕሉ ጉንጭ ላይ ጎትቼ ወደ አፍንጫቸው አቀረብኩ። «አባባ፣ ያሽትቱት።»

አሸተቱ። ዕድሜ ልካቸውን እህል የነገዱ ሰው ናቸው። «ኑግ» አሉ።

«ኑግ ነው። የተልባ ዘይት አልቆብን ነው። አይደርቅም፤ ሲሞቀው ይወርዳል። ሌላ ምንም የለበትም።»

ትንሽ አፈጠጡብኝና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ልሞት የነበረው በወጥ ዘይት ነው?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ከበሩ አጠገብ የቆሙት ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው መሬት መሬት አዩ። አልማዝ ናት የተናገረችኝ። «ትናንት ለወንድሞቼ አካፈለ» አለች። «ወፍጮውን፣ ከብቱን፣ የእንሰት ማሳውን። ሽማግሌ ፊት ተመርቆ አለቀ። ምነው ሦስት ሳምንት ቀድመሽ ብትመጪ።»

ሽማግሌ ፊት የተሰጠ አይመለስም። አቶ ኤርሱሞ ድነው ዘጠኝ ዓመት ኖሩ፤ በታናሽ ልጃቸው ጓሮ፣ የሰው ወፍጮ ድምፅ እየሰሙ። አልማዝ ሴት ናትና ድርሻ አልደረሳትም፤ ዳምቦያ ወደሚባል ከተማ ዘመድ ጋ ሄደች። ደብዳቤውም አልተጻፈም። አዲስ አበባ የገባሁት ያለ ደብዳቤ ነው፤ እዚያ የሆንኩትን ለመጽሔት አልናገርም።

ዛሬ የተልባ ዘይት ብቻ ነው የምጠቀመው፤ ፍሬውን ገዝቼ ዓይኔ እያየ አስጨምቃለሁ። መስታወት ላይ ቀብቼ ሳልፈትን ሸራ አልነካም። ሥዕል ዓመት ሳይሞላው ከቤቴ አይወጣም፤ ገዢ ቢለምንም፣ ቢቆጣም። ሰው ፊቴን ሥዪልኝ ሲለኝ ደግሞ እምቢ እላለሁ። ጋዜጠኞች ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ስለ ማርያም ሥዕል አወራላቸዋለሁ፤ እነሱም እሱን ይወዱታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዳምቦያ ገበያ አልማዝን አየኋት። ቅቤ ትሸጥ ነበር። ሰላም አልኳት። አወቀችኝ፤ ቅቤዋን በኮባ ቅጠል ሸፈነችና ሌላ ደንበኛ ታናግር ጀመር። ቆሜ ጠበቅኩ። ደንበኛዋ ሄደ፤ ሌላ መጣ። በመጨረሻ ትቻት ሄድኩ።

ጋሽ ተፈራን ይቅር አላልኩትም፤ መሞቱም ይህን አይለውጠውም። አልማዝም እኔን ይቅር አላለችኝም። ሁለታችንም ልክ ነን።