ያልተቀመሰ አይገባም

ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ የወሰዱኝ በአንድ ጽሑፌ ምክንያት ነው። እስር ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የሰው ጀርባ ግድግዳው ላይ የተወውን የወዝ ምልክት ነበር። የእኔም ተጨመረበት።

ከመታሰሬ በፊት ጀምሮ ስነሳ ያዞረኛል፣ ድዴ ጠቁሯል፣ ጨው ብላ ብላ ይለኛል። ሐኪሜ ከኩላሊት በላይ ያለችውን ዕጢ ጠረጠረ። ምርመራው አጭር ነው፤ ፋብሪካ የሠራው ሆርሞን በመርፌ ይሰጣል፣ ከመርፌው በፊትና በኋላ ደም ይቀዳል፣ ዕጢዋ መሥራት አለመሥራቷ ይታወቃል። መድኃኒቱ ግን ከተማው ውስጥ ጠፋ። አንዲት ብልቃጥ በስንት ልመና ከውጭ አስመጣን።

የእስር ቤቱ ኃላፊ ለአንድ ጠዋት በአጀብ ሆስፒታል እንድሄድ ፈቀደ። እህቴ ይዤያት እንድሄድ ብልቃጧን በረዶ ውስጥ ከትታ ከለገሃር በታክሲ መጣች። በሩ ላይ የቆመው ምግብ የሚያመጡትን ሁሉ የሚያስቀምሰው ተረኛ ጠባቂ ነበር።

"ቅመሺው።"

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መርፌ ነው። ከተከፈተ በቃ፣ ተበላሸ ማለት ነው።"

"ያልተቀመሰ አይገባም! ምን እንዳለበት በምን አውቃለሁ?"

"የሐኪሙ ወረቀት ይኸው፣ አንብበው።"

ከፍርግርጉ ጀርባ ሆኜ "ተው!" ብዬ ጮህኩ። ወረቀቱን አላነበበም። የብልቃጧን አንገት ቀጭ አድርጎ ሰበረና ዘረጋላት። እህቴ፣ ምናልባት የቀረው ይበቃው ይሆናል ብላ፣ በጣቷ ጠብታ ወስዳ ቀመሰች።

"አሁን ይግባ" አለ።

መድኃኒቱ ስለተበላሸ ምርመራው ቀረ። ከሰዓት በኋላ ቅጽ አመጡልኝ። "ታሳሪው በራሱ ፈቃድ ምርመራውን ትቷል" ይላል።

አጠገቤ የተኙት ጡረተኛ መምህር "ፈርምላቸው ልጄ፣ ይተዉሃል" አሉኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ" አልኩና መስመሩን ሰርዤ "መድኃኒቱን የሰበረው የበሩ ተረኛ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ቀደው ሌላ ቅጽ ሰጡኝ። እሱም ላይ ያንኑ ጻፍኩ። ሦስተኛ አላመጡም።

ከዚያ በኋላ እዚያው ሁለት ጊዜ ራሴን ስቼ ወደቅሁ። "አስመሳይ" አሉኝ። ከተፈታሁ በኋላ ሌላ ብልቃጥ አግኝተን ተመረመርኩ። ዕጢዋ መሥራት አቁማለች፤ ዕድሜ ልኬን ኪኒን እውጣለሁ። እዚያ ልሞት እችል እንደነበር ሐኪሙ በቀስታ ነገረኝ።

እህቴ ዛሬም ምሳዬን ስታቀርብ፣ ሳታስበው፣ መጀመሪያ እሷ ትቀምሳለች። "ተይ እንጂ!" ስላት ትደነግጣለች። በእሷ አይደለም የምናደደው። ያን የበር ተረኛ ይቅር በለው እያሉ የሚመክሩኝ አሉ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቴ ይምጡና ይዩ።