የሸጥንላት የነዳጅ ማጠቢያ

ከባለቤቴ አባት ጋር ሱቅ መዋል የጀመርኩት ልጄ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። ባለቤቴ ጭነት መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለሳል። ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ ብዬ አማቴን ማገዝ ያዝኩ። ሱቁ መርካቶ፣ ከአንዋር መስጊድ ወረድ ብሎ ነው። የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ እንሸጣለን። መኪና ነድቼ አላውቅም። ግን አፌ አይሰንፍም፤ አማቴም የወደዱልኝ ይህንኑ ነበር። «አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ዕቃውን አወርዳለሁ» ይሉኝ ነበር።

ከምንሸጠው ሁሉ ብዙ የሚያናግረው የነዳጅ ማጠቢያው ነው። ታንክ ውስጥ ከቤንዚኑ ጋር ይጨመራል፤ በነዳጁ መስመር የተጋገረውን ቆሻሻ ያጥባል፣ የታፈነውን ኖዝል፣ ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ማለት ነው፣ ይከፍታል ይባላል። ሦስት ዓይነት ነበረን። ቀዩ ከአውሮፓ የሚመጣ፣ ጠርሙሱ ትንሽ ዋጋው ትልቅ ነው። ቢጫው በየሱቁ ያለ ነው። ሰማያዊው ደግሞ የአማቴ ነበር ማለት ይቻላል። እሳቸው ድሮ ታክሲ ሲነዱ ራሳቸው ይጨምሩት ስለነበር እንደ ዘመድ ያምኑታል። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ ሦስቱን ባንኮኒው ላይ ደርድሬ አወዳድራለሁ። «ቀዩ ለአዲስ መኪና ነው፣ ለአሮጌ ይከብዳል። ቢጫው ቀስ እያለ ነው የሚሠራው። ሰማያዊው ግን ዛሬ ጨምረህ ነገ ልዩነቱን ታየዋለህ።» ግማሹን ከአማቴ የሰማሁት ነው፤ ግማሹን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣች። በእድሜ ጥቂት ትበልጠኛለች። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ አስራለች፣ የመኪና ቁልፏን ጣቷ ላይ አንጠልጥላለች። የተማሪ ሰርቪስ ነው የምትሠራው፤ በአሮጌ ሚኒባስ ሕፃናት ታመላልሳለች።

«ጠዋት ጠዋት አትነሳልኝም» አለችኝ። «ከተነሳችም ዳገት ላይ ታስላለች። መካኒኩ ኖዝሉ ቆሽሿል፣ መጀመሪያ ማጠቢያ ሞክሪ አለኝ። የትኛው ይሻለኛል?»

ሦስቱንም ደረደርኩላት፤ የተለመደውን ዘፈኔን ዘፈንኩ። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ትታ እኔን አየችኝ።

«እህቴ፣ ልጆች ነው የምጭነው። ያንቺ ልጅ የሚሄድበት መኪና ቢሆን የትኛውን ትጨምሪበት ነበር?»

ሳላመነታ ሰማያዊውን አነሳሁ። «ይሄን።»

አማቴ ከኋላዬ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጥሩ መርጠሻል ልጄ» አሏት። አመስግናን ሄደች።

በሚቀጥለው ሳምንት ዝናብ ባባራበት ረፋድ ላይ ተመለሰች። ጫማዋ ጭቃ ነው። ጮኻ ብትመጣ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር፤ መርካቶ ውስጥ ጩኸት ይለመዳል። እሷ ግን ባዶውን ሰማያዊ ጠርሙስ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ዝግ ባለ ድምፅ ነገረችን። መኪናዋ ዳገት መሐል ላይ በድን ሆና ቆመች። ከኋላ መኪና ሁሉ ጥሩምባ ያንባርቃል፤ ዝናቡ ይወርዳል። ልጆቹን አንድ በአንድ አውርዳ አንድ ሱቅ ጣሪያ ሥር አስጠለለቻቸው። ትንሿ ልጅ ከፍርሃት የተነሳ ልብሷ ላይ ሸናች። ወላጆች በስልክ ተጠራርተው መጡ፤ ልጆቻቸው በስብሰው ሲያዩዋቸው ሰው በተሰበሰበበት ሰደቧት። አንዱ አባት «መኪና ሳይኖርሽ ሰርቪስ ነኝ ትያለሽ» አላት።

«መካኒኩ ታንኩን ሲያወርደው ውሃ አገኘበት» አለች። «ይህንን ከጨመርኩባት ጀምሮ ነው የባሰባት።»

አማቴ ወዲያው ተቆጡ። «ውሃማ ከማደያው ነው! ይሄ ዕቃ ስንት ዘመን የሠራሁበት ነው። ምናልባት አንቺም ክዳኑን ሳትገጥሚ ዝናብ ገብቶበት ይሆናል።»

የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። እኔም አማቴን ደግፌ «እውነታቸውን ነው፣ ማንም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም» አልኩ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል።

ጎረቤታችን ሐጂ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ሲሰሙ ኖሯል። ሐጂ መለዋወጫ አስመጪ ናቸው፤ ከአማቴ ጋር ጎን ለጎን ሆነው ያረጁ ጓደኛሞች ናቸው። በአንዱ በዓል ሌላው ሱቁን ይጠብቅለታል።

«ምን ያጨቃጭቃል?» አሉ ሐጂ። «ሦስቱም እዚሁ አሉ። ቤንዚን ውስጥ ጨምረን እንያቸዋ።»

አማቴ በኩራት «አምጡ!» አሉ።

ሐጂ ለጄኔሬተራቸው ከያዙት ቤንዚን አመጡ። ሦስት ባዶ የማር ብልቃጥ ደጃፉ ላይ ደረደርንና በየአንዳንዱ ቤንዚን ቀዳንበት። አማቴ በገዛ እጃቸው በመጀመሪያው ቀዩን፣ በሁለተኛው ቢጫውን ጠብ አደረጉ። ሁለቱም እንደ ስኳር ሟሙተው ጠፉ፤ ቤንዚኑ ትንሽ ቀለም ያዘ እንጂ ጥርት እንዳለ ነው። ቀጥሎ አዲስ ሰማያዊ ጠርሙስ ከካርቶን አውጥተው ከፈቱና በሦስተኛው ጨመሩ።

ሰማያዊው ቁልቁል ወረደ። ብልቃጡ ሥር ሄዶ ተኛ፤ ቤንዚኑ ደግሞ ከላይ ተንሳፈፈበት። አማቴ ብልቃጡን አንስተው ናጡት። ሲያስቀምጡት ተመልሶ ተኛ። ሰው መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ ተሸካሚው ጭነቱን አውርዶ፣ አላፊው ቆሞ ያያል። አንዱ ከኋላ «ኧረ ቀለም የነከሩት ውሃ ነው!» አለ፤ ሳቅ ተነሳ።

አማቴ ሌላ ጠርሙስ አወጡ። ያው ነው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላቸው መሰሉ፤ መሰላል ላይ ወጥተው ከላይኛው መደርደሪያ ጥግ አቧራ የጠጣ የድሮ ሰማያዊ ጠርሙስ አወረዱና ሞከሩት። እሱ ልክ እንደ ቀዩና እንደ ቢጫው ሟሟ። የድሮውንና የአዲሱን ሰማያዊ ጠርሙስ ጎን ለጎን ይዘው አዩአቸው። ከውጭ አንድ ናቸው፤ ጽሑፉም ክዳኑም አይለይም። በቅርቡ የገባልን ዕቃ በሙሉ አስመስሎ የተሠራ ነበር። ያመጣልን ሰው ስልኩን ከዚያ ቀን በኋላ አላነሳም።

አማቴ ጠርሙሶቹን መሬት አስቀመጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሽማግሌ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ወደ ሴትየዋ ዝቅ ሲሉ እሷ ደንግጣ ትከሻቸውን ያዘች። «ኧረ ጋሼ፣ ኧረ ተዉ! በማርያም!»

እኔ ምን አደረግኩ? ካርቶን የማስተካክል መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

«መኪናዋን እኛ እናሠራለን» አማቴ ሲሉ ሰማሁ።

«እሱስ ጥሩ» አለች ሴትየዋ። «ግን እኔን የገደለኝ የመኪናው ነገር አይደለም። ወላጆቹ ልጆቻቸውን ሊያወጡብኝ ነው። ጥፋቱ የኔ እንዳልሆነ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጥታችሁ ንገሩልኝ።» ቀጥላ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ፈለገችኝ። «አንቺ ነሽ የመረጥሽልኝ። አንቺም ነይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አማቴ ወንበራቸውን ሱቁ ደጃፍ ላይ አውጥተው ተቀመጡ። ሐሰተኛውን ጠርሙስ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሚያውቁትን ደንበኛ ሁሉ ይጠራሉ። «ና ወንድሜ! ከኔ ሰማያዊ ወስደሃል? እንዳትጨምረው፣ ውሃ ነው። አጭበርብረውኝ አጭበረበርኩህ።» በአርብ፣ ሰጋጁ መንገዱን ሞልቶ ሲመለስ እንኳ አያፍሩም። እኔ ግን በእሳቸው አፈርኩ። የጎን ሱቆች «ሰውየው ገበያችንን ሊዘጉት ነው፣ ሰው ሁሉንም ዕቃ መጠርጠር ጀመረ» ብለው አኮረፉን። ባለቤቴም ከመንገድ ደውሎ «አባቴን አስቁሚው፣ ስማችን ጠፋ» አለኝ።

ቡና ይዤላቸው ወጣሁና «አባባ፣ አሁንስ ይበቃል፣ ሰው ሁሉ እኮ ሰምቷል» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ስንሸጥ ከዚሁ ከበሩ ነበር የምንጣራው። አሁን ጓዳ ገብተን ልናንሾካሹክ ነው?»

ቡናውን አጠገባቸው አስቀምጬ ገባሁ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ በጠዋት ሄድን። መኪናዋ ተጠግና መጥታለች። ሴትየዋ ወላጆቹን ሰብስባ ጠበቀችን። አማቴ ይናገራሉ ብዬ ከኋላቸው ተሸሽጌ ነበር፤ ገና «ልጆቼ» ብለው ሲጀምሩ ግን ድምፃቸው ተቆረጠ። ትንሿ ልጅ እናቷን ይዛ ከፊታቸው ቆማ ነበር። አማቴ እሷን አይተው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች፤ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ባንኮኒ ጀርባ ሆኜ የሚፈልቅልኝ ቃል ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጠይቃኝ ነበር፤ ለልጅሽ ቢሆን የትኛውን ትመርጫለሽ ብላ። ስለ መኪና ምንም አላውቅም። እንደማውቅ ሆኜ መረጥኩላት። የሸጥንላት ውሃ ነበር። ልትነግረን ስትመጣም ጥፋቱ ያንቺ ነው አልናት።»

ያን ቀን በዝናቡ የሰደባት አባት መሆኑን በኋላ ያወቅሁት ሰውዬ «ታዲያ አሁንም ያው ሱቅ ውስጥ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

ራሱን ነቀነቀና ልጁን እጁን ይዞ ሄደ፤ ወደ ሚኒባሷም አልመለሰውም። ሌሎችም እሱን ተከትለው ልጆቻቸውን ወሰዱ። የቀሩትም ነበሩ። የትንሿ ልጅ እናት ከቀሩት አንዷ ናት። ሴትየዋን «እኔ ድሮም አንቺን አልጠረጠርኩም» አለቻት፤ እኔን ግን አላየችኝም።

ሐሰተኛውን ዕቃ ካርቶን በካርቶን እየቀደድን ክዳኑን ሰብረን አስወገድነው። ከዚያ ወዲህ ማጠቢያ መሸጥ ትተናል። ሰው ሲጠይቀኝ «መካኒክ አሳይ» እላለሁ፤ አንዳንዱ እንደ ሰነፍ ነጋዴ አይቶኝ ወደ ጎን ሱቅ ያልፋል። አማቴ ወንበራቸውን ወደ ውስጥ መልሰዋል። ከሐጂ ጋር ሲጫወቱ እንደ ድሮው ይስቃሉ። በአደባባይ ስለተናገሩት ሸክሙ ከላያቸው የወረደላቸው ይመስለኛል። እኔ ላይ እንደዚያ አልሆነም። ጠዋት ሱቁን ስንከፍት ከጎረቤቶች ጋር ሰላምታ እስክለዋወጥ ድረስ ዛሬም ልቤ ይመታል።

ሴትየዋን ከዚያ በኋላ ያገኘኋት አንድ ጊዜ ነው። ጎጃም በረንዳ ዕቃ ላመጣ ሄጄ፣ ካፊያ ይዞኝ ታክሲ አጥቼ ቆሜያለሁ። ሚኒባሷ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ልጆች ጭናለች። መሸሽ ፈልጌ ነበር፤ በሩን ከፍታ «ግቢ እንጂ፣ በስብሰሻል እኮ» አለችኝ።

ከልጆቹ መሐል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። መኪናዋ ዳገቱን ያለ ምንም ሳል ወጣችው። ትንሿ ልጅ የት እንዳየችኝ የጠፋት ይመስል ትኩር ብላ ስታየኝ ቆየችና «ይቺ ማናት?» ብላ ጠየቀች።

ሴትየዋ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ምን እንደምትል አላወቅሁም።

«ጎረቤቴ ናት» አለች።

ጎረቤታሞች አይደለንም፤ ሰፈሯንም አላውቀው። ስወርድ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ በካፊያው ውስጥ ወደ ሱቅ ሄድኩ።