የአማቴ ቅምሻ

ቅዳሜ ቅዳሜ የሌላ ሰው ሚስት ነበርኩ። ከሱሉልታ ተነስቼ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ ቡራዩ እደርሳለሁ። እዚያ በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ ባል፣ ሁለት ልጆችና ከጎረቤት እየመጣች መላወሻ የምታሳጣ አማት ይጠብቁኛል። በዩቲዩብ የሚተላለፍ ሲትኮም ነው። የምጫወተው ሚስቲቱን ነበር። ለሚያደንቀኝ ሁሉ "ትወና እንዳይመስላችሁ፣ ቤቴ የምኖረውን ነው እዚህ የምደግመው" እያልኩ አስቅ ነበር። አሁን ሳስታውሰው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

እውነተኛው ቤቴ የተሠራው የባሌ ወላጆች ከእርሻቸው ቆርሰው በሰጡን መሬት ላይ ነው። በእኛና በእነሱ ግቢ መካከል የቆርቆሮ አጥር አለ፤ አጥሩ ላይ ቁልፍ የሌላት ትንሽ በር አለች። የባሌ አባት ካረፉ ወዲህ አማቴ በዚያች በር በየቀኑ ይመጡ ነበር። "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ?" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቁኛል፤ መልሴን ሳይጠብቁ ግን ማድቤት ገብተዋል። ክዳን ይከፍታሉ። በጭልፋ ትንሽ ጨልፈው መዳፋቸው ላይ ጠብ ያደርጉና ይልሳሉ። "ጨው ይጎድለዋል" ይላሉ። ደግሞ በእንጀራ ቁራሽ ይሞክሩታል። "የለም፣ ደህና ነው።" ከዚያ ወደ ሁለተኛው ድስት ይዞራሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚመጡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስለሆነ "የእናትህ ቁጥጥር በጾም ቀን ሰዓቱ ይለያል" እያልኩ በባሌ ላይ እቀልድ ነበር።

የሚገርመው፣ ምግብ ሲቀርብ አይነኩም። "በልቻለሁ" ይላሉ። የኔ እናት እንግዳ በልቻለሁ ሲላት ሰምታ አታውቅም። "በሞቴ" ትላለች፣ "አፈር ስሆን" ትላለች፣ ሦስተኛው ላይ እንግዳው ተነስቶ እጁን ይታጠባል። የመጀመሪያው እምቢታ ይሉኝታ እንጂ ጥጋብ እንዳልሆነ በዚህ አገር የማያውቅ የለም። እኔም አሳምሬ አውቃለሁ። ግን በአማቴ ቅምሻ አንጀቴ አርሮ ስለነበር "በልቻለሁ" ማለታቸው ለኔ እፎይታ ነበር። "እሺ እማዬ" ብዬ ትሪውን ወደ ልጄ እስብ ነበር። አንድም ቀን በሞቴ አላልኳቸውም።

አንድ ቅዳሜ የሲትኮሙ አዘጋጅ ታሪክ አለቀብን ብሎ ሲተክዝ፣ "ታሪክማ እኔ ቤት ሞልቷል" ብዬ ተነሳሁ። ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ወገቤን ጎበጥ አደረግሁ፣ ክዳን ከፍቼ መዳፌን ላስኩ። "ጨው ይጎድለዋል!" ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አማቲቱን የምትጫወተውን ተዋናይ ቀኑን ሙሉ ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ አላላሱ ሳይቀር፣ ከላሱ በኋላ ዓይን ጨፈን ማድረጉ ሳይቀር። ያ ክፍል ከሠራናቸው ሁሉ የበለጠ ታየ። ታክሲ ውስጥ አንዷ "ጨው ይጎድለዋል" ብላ ስትጠራኝ እግሬ መሬት አልነካ አለ።

ሳምንት አልሞላውም። ልብስ እያሰጣሁ ልጄ ስልኬን ይዛ ወደ አያቷ ስትሮጥ አየሁ። አያቷን የምትጠራው አኮ እያለች ነው። "አኮ፣ አኮ፣ ነይ እይ! አንቺን የምትመስል ሴትዮ!" አማቴ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብለው ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት። እርጥብ አንሶላ እንደያዝኩ ደረቅሁ። ይጮኹብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮኹብኝ ምነኛ በተሻለ። ፈገግ ብለው "ጎበዝ ናት፣ ታስቃለች" አሉና ስልኩን ለልጄ መለሱላት። ነጠላቸውን አስተካክለው በትንሿ በር ወጡ። በሩን ሲዘጉት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ሁልጊዜ ገርበብ አድርገው ነበር የሚሄዱት።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም። እውነቱን ልናገርና፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር። ድስቴን ራሴ ከፍቼ ራሴ ዘጋሁ። ባሌ "እማዬ ምነው ጠፋች?" ሲለኝ "ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል" አልኩት። ቪዲዮውን ማየታቸውን አልነገርኩትም። እሱ በጠዋት ወደ ከተማ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው፣ የነገርኩትን አመነ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ ሳያቸው ግን ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቶ ነበር።

በማግስቱ የተዋስኩትን ወንፊት ምክንያት አድርጌ በትንሿ በር ገባሁ። አማቴ ጓሮ ላማቸው ጋ ነበሩ፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ማድቤታቸው ቀዝቅዟል፣ ምድጃው እሳት ካየ የሰነበተ ይመስላል። ወንፊቱን ሰቅዬ መውጣት ስችል እጄ ወደ ክዳን ሄደ። ትልቁ ድስት ታጥቦ ደርቋል። ትንሹን ስከፍት ከነልጣጩ የተቀቀለ ሦስት ድንች አለ፤ አጠገቡ በብርጭቆ ጨው። ሌላ ምንም የለም።

"ጨው ይጎድለዋል?"

አማቴ በሩ ላይ ቆመዋል። ክዳኑ እጄ ላይ ነው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን የተያዙት ራሳቸው እንጂ እኔ ያልሆንኩ ይመስል አፍረው መሬት መሬት ያያሉ።

"እሱ ከሞተ ጀምሮ ምግብ መሥራት አቃተኝ፣ ልጄ" አሉ። "ለብዙ ሰው ስሠራ ነው የኖርኩት። የአንድ ሰው ወጥ እጄ አያውቀውም።"

ያኔ ገባኝ። ያ ሁሉ ቅምሻ ምሳቸው ነበር። ከዚህኛው ድስት አንዲት ጭልፋ፣ ከዚያኛው አንዲት ቁራሽ፤ በጾም ቀን ደግሞ ጾሙ ሲፈታ። ራበኝ ብለው የልጃቸውን ሚስት ላለማስቸገር ጨው ሲያመካኙ ከርመዋል። እኔ ደግሞ ያቺን መሸፈኛ ገፍፌ ለማላውቀው ሕዝብ መሳቂያ አድርጌ አቀረብኳት።

ይቅርታ ማለት አቃተኝ። ሮጬ ቤቴ ሄድኩ፣ ለምሳ የሠራሁትን ሽሮ በትሪ ይዤ ተመለስኩ።

"በልቻለሁ" አሉኝ።

"በሞቴ" አልኳቸው። በትዳሬ ዘጠነኛ ዓመት መጀመሪያዬ ነው።

"በልቻለሁ፣ ልጄ።"

"አፈር ስሆን፣ እማዬ።"

ጠቅልዬ ወደ አፋቸው አስጠጋሁ። አማቴ ግን ጉርሻውን አላዩትም። በትከሻዬ ላይ አሻግረው በሩን አዩ፣ ከዚያ ከቀሚሴ ኪስ ብቅ ያለውን ስልክ።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ይሄም ይታያል?"