ውሃው ጠርዝ ላይ የምትቀመጠው ድንጋይ

አጎቴ ወንዝ ዳር ድንኳን ከመተከሉ በፊት አንዲት ነጭ ድንጋይ ውሃው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ድንጋይዋ ከረጠበች ውሃው እየጨመረ ነውና፣ ሰማዩ የቱንም ያህል ጥርት ቢል ዕቃ ይነሳል።

በየዓመቱ የአብዮት በዓሉ ሰልፍና መስቀል ካለፉ በኋላ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥተን ከላሊበላ ወደ ተከዜ እንወርዳለን። እንዋኛለን፣ ዓሣ እናጠምዳለን፣ ሁለት ቀን አድረን እንመለሳለን። አንድ ዓመት እኔ ሸራዬን አሸዋው ላይ ተከልኩ።

"አንተ፣ ከዚያ ተነስ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ የውሃውን ድምፅ ከቅርብ ካልሰማሁ ግጥም አይመጣልኝም።"

"ግጥምህ ዋና ይችላል?"

ልጆቻቸው ሳቁብኝ። ተናድጄ ደብተሬን ገለጥኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ እያቃጠለን፣ አጎቴ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "ረጥባለች! አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ዘንቧል፤ ውጡ!"

ሌሎቹ ሮጡ፤ እኔ ስንኝ ልጨርስ ብዬ ቀረሁ። አጎቴ በዚያ ዕድሜያቸው ወርደው ክንዴን ይዘው ዳገቱን አወጡኝ። ብዙም ሳይቆይ ደፍራሹ ጎርፍ ሸራዬንም ደብተሬንም ጠርጎ ወሰደ።

"ብዬህ አልነበር?" ብለውኝ አያውቁም። በሳምንቱ አዲስ ደብተር ገዝተው "ይችኛዋን ከፍ አድርገህ ያዛት" አሉኝ።

ዘንድሮ ያለ እሳቸው ወረድን። ድንጋይዋን እኔ አስቀመጥኩና እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ተቀመጥኩ። የልጅ ልጆቻቸው ሲንቦጫረቁ ዓይኔን ከድንጋይዋ ሳልነቅል ዋልኩ። ደብተሬ አልተገለጠም። አጎቴ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አብረውን እንዳልዋኙ ያኔ ትዝ አለኝ።