የተቃጠለው ሁለተኛ ካርድ

ወልደጻድቅን ሰው ሁሉ ፈሪ ይለዋል፤ እሱም አይክድም። «ፈሪ ለእናቱ ነው» ብሎ ይስቅና የጀልባ ሞተሩን መፍታቱን ይቀጥላል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ካሉት ዓሣ አስጋሪዎች መካከል የእሱን ያህል ሞተር የሚያውቅ የለም። «ጓድ!» የሚል ድምፅ ከሰማ ግን መፍቻው ከእጁ ይወድቃል።

ውሃ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሰው ነው። በወጣትነቱ ምጽዋ ሳለ፣ እሑድ እሑድ ለመዝናናት ባሕር የሚጠልቁ የውጭ አገር መሐንዲሶች ዕቃቸውን ያስይዙት ነበር። ጉብዝናውን አይተው የአየር ጠርሙስ አሸክመው አስተማሩት፤ ፈትነውም ሁለት ካርድ ሰጡት። የመጀመሪያው መጥለቅ ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚያገኘው የበሰለ ጠላቂ ነው፤ ትምህርቱ ግን አብዛኛው ስለ አለመድፈር ነበር፦ መቼ መውጣት፣ መቼ መቅረት፣ ጠልቀው በወጡበት ቀን ወደ ደጋ አለመሄድ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ሲባል ከእናቱ ሰምቷል፤ ምክንያቱን የተማረው ግን እዚያ ነው።

ሐዋሳ ገብቶ ከበቡሽን ባገባ በዓመቱ የአሰሳው ጊዜ መጣ። የውጭ ፊደል ያለበት ወረቀት የተገኘበት ሰው ሰላይ ተብሎ ይወሰዳል፤ የተወሰደም አይመለስም። ከበቡሽ «ወልዴ፣ ያንን ነገር አጥፋልኝ!» ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። ሁለተኛው ካርድ ላይ የውጭ ማኅተም ነበረበት። በገዛ እጁ ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመረው። የመጀመሪያውን ፎቶው ስላለበት ሳሳለትና ፍራሽ ውስጥ ሰፋው። አሳሾቹ አገኙት፤ መሪያቸው አገላብጦ አየውና «የጀልባ መንጃ ፈቃድ ነው» ብሎ መለሰለት። ከበቡሽ እስከ ማግስቱ እህል አልቀመሰችም።

በ1971 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሹማምንት የጫነች ጀልባ ተገለበጠችና ሰነድ የያዘ የብረት ሣጥን ሰመጠ። ጉዳዩን የያዘው ካድሬ ካሳሁን ይባላል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገር፣ በዚያም የሚያስፈራ ሰው። ማቴዎስ የሚባል ወጣት ጠላቂ ከነአየር ጠርሙሶቹ ከአሰብ አስመጣ። ማቴዎስ እዚያው ሐዋሳ አጠገብ ያለችው የቱላ ልጅ ነው፤ ደፋር፣ ሳቂታ፣ የተማረውም የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው። ወልደጻድቅንም ዓሣ አስጋሪዎቹ ስለ ጠቆሙት ከሥራው አስነስተው ወሰዱት።

ሁለቱ ከማለዳ ጀምረው ሦስት ጊዜ ጠለቁ። ታች የራስን እጅ እንኳ አያሳይም። በሦስተኛው ሣጥኑን ከደለል ውስጥ በዳበሳ አገኙት። ካሳሁን ሁለቱንም ጨበጠና «መኪናው ተዘጋጅቷል፤ ከሣጥኑ ጋር አሁኑኑ አዲስ አበባ ትሄዳላችሁ» አለ።

ወልደጻድቅ የሁለተኛው ካርድ ትምህርት ትዝ አለው። ዝም ቢል በመንገድ ሊሞት ነው፤ ቢናገር እዚሁ።

«ጓድ፣ ዛሬ አይሆንም» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «ታች የሳብነው አየር ገና ደማችን ውስጥ ነው። ከዚህ ወደ ደጋ ከወጣን፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላብናል። ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል። እስከ ነገ እዚሁ እንቆይ።»

«ማን አለ?»

«በሁለተኛው ደረጃ ተምሬዋለሁ።»

«የምስክር ወረቀትህን አምጣ።»

ወልደጻድቅ ያንን ወረቀት በገዛ እጁ አቃጥሎታል። ማቴዎስ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ ማኅተም ያለበት ነገር ካለዎት ያውጡት፤ እኔም እቀራለሁ። ያለ ወረቀት እምቢ ብል ምን እንደሚያደርጉኝ ያውቃሉ» አለው። ወልደጻድቅ አንገቱን ደፋ።

«አሻጥር ነው» አለ ካሳሁን ድምፁን ሳያነሳ።

ማቴዎስ መኪናው ላይ ወጣ። ወልደጻድቅ «ተው፣ አትሂድ!» ብሎ ሊጮህ ነበር፤ አፈሙዝ ጎኑን ሲነካው ዋጠው።

ቀበሌ እስር ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሩ በተከፈተ ቁጥር የመጨረሻው መሰለው። ያ እስር ቤት ሕይወቱን እያዳነለት እንደሆነ ያውቃል፤ ማወቁ ግን ፍርሃቱን አልቀነሰለትም። በአራተኛው ቀን አንድ ቃል ሳይነግሩት ፈቱት። ከበቡሽ ደጅ ላይ እያለቀሰች ነገረችው፤ ማቴዎስ ደብረ ዘይትን እንዳለፉ «እግሬ ደነዘዘ» ብሎ ነበር፤ ሐኪም ቤት ሲደርስ ከወገቡ በታች አልታዘዝ አለው።

ማቴዎስን ወደ ቱላ፣ ወደ እናቱ ቤት መለሱት። ወልደጻድቅ ደጃፉን ለመርገጥ ዓመት ፈጀበት። ሲሄድ ዓሣ ይዞ ሄደ፤ ማቴዎስም እንደ ድሮው ስቆ ተቀበለው። ጥቂት ካወሩ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ያ ካርድ በእውነት ነበር?»

«ነበር።»

«የት ገባ?»

«ቀበሌ ወሰደው» ማለት ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«ፈርቼ አቃጠልኩት» አለ።

ማቴዎስ እግሮቹን በሁለት እጁ አንስቶ አስተካከላቸው።

«እኔም ብሆን አቃጥለው ነበር» አለ።